ቅርፊት የዘፈዘፍንበት ዓመት

አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ የተጣላው ከብርዱ ጋር ነው። ጠዋት በሩን ከፍቶ ሳሩ ላይ ያደረውን ውርጭ ሲያይ፣ ማሳው ውስጥ የሰው ከብት እንደገባበት ሁሉ ቆሞ ያፈጥበታል፤ ከዚያ በሩን መልሶ ይዘጋና «ዛሬም መጥቷል» ይለናል። እናቴ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። እሱ አይስቅም።

የመጣነው ከወለጋ ነው። እንዴት እንደመጣን እዚህ አልጽፍም፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ መጠለያ ውስጥ ቆየን፤ በኋላ እናቴ በየሰው ቤት ልብስ ማጠብ ስትጀምር ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራየን። የቤቱ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እናቴና አባቴ እትዬ ይሏቸዋል። ሁለት ላሞች፣ ሰፊ ግቢና ማንንም የማይምር ምላስ አላቸው። አባቴን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ከሞቃት አገር ስለመጣ «ቆለኛው» ነው የሚሉት።

አባቴ ገበሬ ነው። እዚያ በቆሎ ነበረን፣ ማንጎ ነበረን፣ ቤታችን ጀርባ ቡና ነበረን። እዚህ የቀን ሥራ ሲገኝ ድንጋይ ይሸከማል፤ ሳይገኝ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ሲቀመጥ እጆቹን ገልብጦ ጭኑ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ እንደተቀበለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን ሳይ በሌላ በር መግባት ብችል ብዬ እመኝ ነበር፤ ግን አንድ በር ብቻ ነው ያለን።

አንድ ቀን የሚያውቀው ሰው ከአዲስ አበባ ደወለለትና የጥበቃ ሥራ እንዳለ ነገረው። እማማ ይህን ከእናቴ ሰሙ። ወዲያው መጥተው አጥሩ ሥር አጠገቡ ቆሙ።

«አንተ ቆለኛ፣ ዘበኛ ልትሆን ነው አሉ?»

«ምን ላድርግ እትዬ።»

«ከጓሮዬ ያለውን ባሕር ዛፍ ካስቆረጥኩ ወዲህ መሬቱ ጦሙን ያድራል። ካበቀለልህ ዝራው። ድንችም ይሁን ነጭ ሽንኩርት፣ ለኔ የምቀቅለው ብትሰጠኝ ይበቃኛል።»

«ያበቅላል» አለ አባቴ።

«አይተኸዋል?»

«መሬት ነዋ!»

ያን ቀን ራት ስንበላ ለእናቴ እንዲህ አላት፦ «እስከ ሰኔ ልሞክረው። ሰኔ ላይ ዘር ከተቀበለኝ እዚሁ ከናንተ ጋር እቀራለሁ። እምቢ ካለኝ ወደ ጥበቃው እሄዳለሁ።» እናቴ ከፊቷ ያለውን ቁራሽ ወደ እሱ ገፋችለት። አንድ ክፍል ውስጥ ስለምንኖር ያልሰማሁ መምሰል አልቻልኩም።

መሬቱን ስናየው ግራጫ ነው። ባሕር ዛፍ የቆመበት መሬት እንደዚያ ነው፤ ዶማ ሲያርፍበት ድንጋይ የተመታ ይመስል ይጮኻል፣ ሳር እንኳ የሚወጣው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። አባቴ አንድ እፍኝ ዘግኖ አሸተተና «አየሽ፣ ይሄ ርቦታል» አለኝ። የሱቅ ማዳበሪያ ለኛ የሚታሰብ አልነበረም። ብስባሽ ነው ያለው አማራጭ፤ ብስባሽ ደግሞ አባቴ ያውቃል። እዚያ የበቆሎ አገዳውን፣ ቅጠሉን፣ ቅርንጫፉን ማሳው ጥግ ወርውሮ ይረሳዋል፤ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ሲቆፍረው ጥቁር አፈር ነው።

እዚህ ምን ይወርውር? ገለባው የከብት ነው። አገዳ የለም። በሽ በሽ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅርፊት። አጣና ተራ ሄዳችሁ ብታዩ የባሕር ዛፉን አጣና እየላጡ ቅርፊቱን ይከምሩታል። ጭሱ ዓይን ስለሚያወጣ ሰው ሌላ ማገዶ ካላጣ አይፈልገውም። አባቴ በጆንያ እያመላለሰ፣ ረጅሙን ቅርፊት እንዳለ፣ ጭራሮውንም እንዳለ፣ እዚያ እንደለመደው መሬቱ ላይ አንጣለለው። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። «ሰውዬው እንጨት ሊያበሰብስ ነው» ተባለ። እንጨት እንደ ዳቦ በሚፈለግበት አገር!

ይህ ጥቅምት ላይ ነው። የካቲት ላይ ስንገልጠው ቅርፊቱ ቅርፊት ነው። ጭራሮው ጭራሮ ነው። ከሥሩ የወጣው ሽታ ደግሞ ጉንፋን የያዘው ሰው ሲታጠን ቤቱ የሚሸተውን ነው። ብርዱ አንድም ነገር ሳይነካ አስቀምጦልናል። አባቴ መንሹን ጥሎ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ምንም ነገር አይሞትም ማለት ነው?» አለኝ።  

ፊቱ ስላስፈራኝ ሄጄ እናቴን ጠራኋት። እናቴ መጥታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ክምሩን ዙሪያውን አየችው።

«እዚህ አገር እኮ ባቄላ እንኳ ሳይዘፈዘፍ አይበስልም» አለችው። «ስንመጣ ስንት ጊዜ ጥሬ አብልቼሃለሁ? ቀኑን ሙሉ ይንተከተክና ጠጠር ነው። አሁን ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። እንጨትማ እንዴት ይበስላል!»

«እንዘፍዝፈዋ!» አልኩ እኔ፣ ለቀልድ።

አባቴ ግን ተነሳ።

የእማማን የዛገ በርሜል ለመንን። በእናቴ ስልክ ላይ የአመድ ውሃ እንጨት እንደሚያለሰልስ አነበብኩና አመድ ከየቤቱ ለቀምኩ። መጀመሪያ መክተፍ ነው። አባቴ በመጥረቢያ ይቆርጣል፣ እኔ በገጀራ አደቃለሁ፣ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጭራሮውን ድንጋይ ላይ አድርጋ እንደ በርበሬ ትወቅጠዋለች። «ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባዋል» ትላለች። ከዚያ በአመድ ውሃ ይዘፈዘፋል። ውሃው ቶሎ ይጠቁራል፣ እንደ ወፈረ ሻይ። አንድ ጊዜ መንገድ ዳር ደፋነውና ሳሩ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የማይበቅልበት ድንጋይ መሀል መድፋት ጀመርን። ውሃውን ቀይረን እንደገና እንዘፈዝፋለን። ሲወጣ ቅርፊቱ የድሮው አይደለም። እንደ ረጠበ ቆዳ ይታጠፋል፣ በጥፍር ይቀደዳል። ደስ ሲል! ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ በርሜሉ ውስጥ እጄን ከትቼ አንድ ቁራጭ እቀድ ነበር።

ቅርፊቱ እንዲበሰብስ የሚያሞቀው ነገር ደግሞ ያስፈልጋል። የላሞቹ በረት ውስጥ አባቴ ቦይ ቆፍሮ ሽንታቸውን በባልዲ ያጠራቅማል። እበቱን ግን እማማ አይሰጡም፤ ኩበት ይጋግሩበታል። እዚህ እበት ማገዶ ነው። አባቴ ይህን አላወቀም። እዚያ እበት የመሬት ነው፤ ከብቱ የጣለው ማሳ ላይ ይቀራል፣ ማንም አይጠይቅህም። እናም አንድ ጠዋት ጆንያውን ይዞ ወደ ጨፌው ወረደ። እኔም ቅዳሜ ስለነበረ ተከተልኩት።

ጨፌው ላይ እበቱ ሁሉ ጭራሮ ተሰክቶበታል። አባቴ ልጆች የተጫወቱ መሰለው። ጭራሮውን ይነቅላል፣ እበቱን በአካፋ ያነሳል፣ ሁለቱንም ጆንያው ውስጥ ይከታል። ግማሽ ጨፌ ከጨረሰ በኋላ ከላይ ሦስት ሴቶች እየሮጡ መጡ።

«አንተ ሰውዬ! ምን እየሠራህ ነው?»

«እንደምን አደራችሁ» አለ አባቴ።

«ምን እንደምን አደራችሁ አለ! ማገዶዬን አስቀምጥ!»

«የምን ማገዶ? እበት እኮ ነው።»

«የኔ እበት ነው! ምልክት አድርጌበታለሁ!»

«የቱ ነው ምልክቱ?» አለ አባቴ፣ ምልክቱን በሌላ እጁ ይዞ።

ያኔ ነው የገባኝ። ቀድማ እበት ያየች ሴት ጭራሮ ትሰካበታለች፤ ጭራሮ ያለበትን ማንም አይነካም። እነሱ የሚያውቁት፣ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነገር ነው። እየጎተቱ እማማ ዘንድ አመጡን።

«ተዉት እናንተ» አሉ እማማ። «ይሄ ሰው እበት መሬት ላይ ቀርቶ መሬት ከሚሆንበት አገር ነው የመጣው።»

«እሺ፣ እዚህስ ምን ሊያደርገው ነው?»

«እንጨት ሊያበሰብስበት ነዋ።»

አንደኛዋ፣ ወፍራሟ፣ ሳቋ መጣ። «እኛ እንጨት አጥተን እበት እናነዳለን፣ እሱ የኛን እበት ወስዶ እንጨት ያበሰብሳል!» እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። እማማም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። አባቴ ብቻ ጆንያውን ዘርግፎ፣ እበቱን በሦስት ቦታ እያካፈለ፣ የቱ የማን እንደሆነ እየጠየቀ ነበር። በየክምሩ ላይ ጭራሮውን መልሶ ሲሰካ ሴትየዋ ሳቋን አቆመች።

«ፋንድያ ይሆንሃል?» አለችው። «የፈረስ ለኩበት አይሆነንም። ጋሪ ማቆሚያው ሞልቶልሃል።»

ፋንድያ! ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ጋሪ ማቆሚያው ባልዲ ይዤ ስሄድ የክፍሌ ልጆች «ፋንድያዬ» የሚል ስም አወጡልኝ። ይበሉ። የፈረስ ፋንድያ እንዴት እንደሚያሞቅ አያውቁም።

የዘፈዘፍነውን ቅርፊት ከፋንድያው ጋር እያፈራረቅን፣ የላም ሽንት እያረሰረስን፣ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ ክምር ሠራን። ትንሽ ክምር ብርድ ይበላዋል፤ ትልቅ መሆን አለበት። ከመጠለያው ስንወጣ ይዘነው የመጣነውን ሸራ አለበስነው። አባቴ ሙቀቱን ለማወቅ መሀሉ ላይ የፌሮ ብረት ሰካ። ጠዋት ጠዋት ፌሮውን መዝዞ በመዳፉ ይጨብጠዋል። ቀዝቃዛ ነው፤ መልሶ ይሰካዋል። ቀዝቃዛ ነው፤ መልሶ ይሰካዋል።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጠዋት ፌሮውን መዘዘና ጣለው። ከዚያ አንስቶ ለኔ ሰጠኝ። እኔም ጣልኩት። ፈጀኝ! ሸራውን ስንገልጠው ክምሩ ይተነፍሳል፤ ነጭ እንፋሎት ብርዱ ውስጥ እየተጠቀለለ ይወጣል። አባቴ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተውና ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ደብረ ብርሃን ከገባን ወዲህ እንደዚያ ሲሞቀው አይቼው አላውቅም። ሲስቅም።

«ክምሩ ትኩሳት ይዞታል» አሉ እማማ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው። «ጠበል ውሰደው!»

«ይሻለዋል እትዬ፣ ይሻለዋል!» አለ አባቴ እየሳቀ።

ያን ጊዜ አባቴ የሚቀር መሰለኝ። እርግጠኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ የሚባል ከተማ እንዳለ ረስቼው ነበር።

ግን ሰኔ ደረሰ። ዝናቡ ጀመረ፣ ሰው ሁሉ ድንችና ገብሱን ይዘራል፣ ክምሩ ደግሞ ገና ትኩስ ነው። አባቴ ከመሀሉ ዘግኖ አፈራረሰው። ከውጭ ጠቁሯል፤ ውስጡ ግን የቅርፊቱ ክሮች ገና አሉ።

«አልበሰለም» አለ።

«ጠብቀው» አለችው እናቴ።

«ዘሩስ ይጠብቀኛል? ዝናቡስ?»

«ለመስከረም ይደርሳል።»

«እስከ ሰኔ ነው ያልኩት።»

«ያልከው አንተ ነህ። ማን ያዘህ?»

አሁን ሳስበው፣ አጥር ሥር አንድ ክረምት ጨምሮ መቀመጥ ነው ያልቻለው። ያልበሰለ ነገር ዘር ሥር እንደማይገባ ለኔ የነገረኝ ራሱ ነው። በግማሽ የበሰበሰ እንጨት ለመብሰል የሚበላው ይፈልጋል፤ የሚበላውን ደግሞ ከአፈሩ ይወስዳል፣ ለተክሉ የሚተርፍ የለም። ይህን እያወቀ የክምሩን ግማሽ መሬቱ ውስጥ አስገብቶ ድንቹን ተከለ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። እንደዚያ የሚያምር መስመር በጎረቤት አልነበረም።

ድንቹ በቀለ። ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ሆነና ሐምሌ ላይ ቢጫ መሆን ጀመረ፤ ከታች ጀምሮ፣ ቅጠል በቅጠል። ጉሙ ሲወርድ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ መሀሉ ቆሞ አየዋለሁ። እማማ እንኳ ሳይቀልዱ ነው የሚያልፉት። አንድ ቀን አንዱን ነቀለው። ከሥሩ የወጣው ድንች አውራ ጣት አያህልም ነበር። አፈሩን ጠርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወደ ቤት ገባ። ፍልሰታ ሲፈታ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሲሄድ ወደ ጓሮው አልዞረም።

የቀረውን የክምር ግማሽ እኔና እናቴ አገላበጥነው። ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም። እናቴ መንሹን ታነሳለች፣ እኔ አካፋውን አነሳለሁ፣ በቃ። ከመስቀል በኋላ አንድ ከሰዓት ሸራውን ብገልጥ ቅርፊት የለም። የለም! እጄን ብከት ቀዝቃዛ፣ ጥቁር፣ የሚፈረፈር ነገር ነው፤ ዝናብ እንደጀመረ የአፈር ሽታ የሚሸት። እናቴን ጮኼ ጠራኋት፤ ሰው የሞተ መስሏት በባዶ እግሯ ወጣች። ወዲያው ደወልኩለት።

«አባዬ፣ በሰለ!»

«ምኑ?» አለኝ።

«ክምሩ!»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ መጣ።

«እጅሽ ላይ ይፈረፈራል?»

«ይፈረፈራል።»

«ትኩስ ነው?»

«ቀዝቅዟል።»

«ቅርፊቱስ?»

«የለም አባዬ፣ ሁሉም አፈር ሆኗል።»

የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። አንድ ሰው «ዘበኛ! ዘበኛ!» ብሎ ተጣራ። አባቴ «ቆይ ልክፈትላቸው» አለና ስልኩ ተዘጋ።

በዚያ ብስባሽ አንድ መደብ ነጭ ሽንኩርት ተከልን። በዕቃ ማጠቢያ ውሃ እያጠጣነው ውርጩን አለፈው። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፣ ወፍራም፣ ሲነኩት የሚንሿሿ። አዲስ ቅርፊትም በበርሜሉ ዘፈዘፍን፤ አሁን ከተጀመረ ለሰኔ በስሎ ቀዝቅዞ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። መጥቶ እንዲያየው ፈለግሁ።

ለገና መጣ። የጥበቃ ልብሱን ለብሶ ነው፣ ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ የድርጅት ምልክት ያለበት። ሻንጣውን አስቀምጦ ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። ሽንኩርቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አፈሩን ዘገነ፣ አሸተተ፣ በጣቶቹ መሀል አደቀቀው። ከዚያ ወደ በርሜሉ ሄደ።

«አመዱን ምን ያህል ትጨምሪበታለሽ?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ውሃውንስ መቼ ነው የምትቀይሪው?»

«ሲጠቁር። እንደ ሻይ ሲሆን።»

«ይሄኛው ቀጠን ብሎ ነው የተከተፈው።»

«እማዬ ናት፤ ቀጭኑ ቶሎ ይበስላል ብላ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ስለ ቤቱ አሠራር እንደሚጠይቅ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዳምጠኛል። እኔ እያስረዳሁት መሀል ላይ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አልኩ፤ እሱ ግን የጨረስኩ መስሎት «ጎበዝ» አለኝ።

ከምሳ በኋላ እናቴ ጠየቀችው። ሳትዞር፣ ሳህን እያነሳች።

«ታዲያ አሁን ትቀራለህ?»

«አንድ መደብ ሽንኩርት ነው» አላት። «ለትልቁ መሬት የሚበቃ ክምር ገና ሰኔ ነው የሚደርሰው። ቢደርስም ይሁን አይሁን አይታወቅም። እዚያ ደግሞ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ አንድ ቀን ከቀረሁ።»

«እዚህስ ቦታህን ማን ያዘው?» አለች እናቴ።

እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ ጓሮው አየ፤ ከዚያ «የመኪናው ሰዓት ደረሰ» ብሎ ተነሳ።

ከበሩ ሳይወጣ እጆቹን አየ። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁሩ አፈር ገብቷል። «ተቆጣጣሪው እጅ ያያል» አለኝ እንደማፈር ብሎ፣ «ውሃ አምጪልኝ እስቲ።» ጆጉንና ሳሙናውን አመጣሁ። ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለ። በሳሙና አሸ፣ አልለቀቀም። ስንጥር አንስቶ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ መፋቅ ጀመረ። እያንዳንዱን ሲጨርስ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል፣ እኔም አፈስለታለሁ፤ እየቀነስኩ፣ ውሃው ቶሎ እንዳያልቅ።